አትነካካቸው የተባልኳቸው አበቦች

ጠርጣራ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ጠርጣራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የተማርኩት። እዚህ ንፋስ መውጫ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ፣ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ ኖሬአለሁ። አንድ ካርቶን እስክሪብቶ ሲመጣ እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ሳልሞክር የዕቃ መረከቢያው ሞዴል አስራ ዘጠኝ ላይ አልፈርምም። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ጠባዬ ምክንያት ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አላውቅም። የሆነ ስም እንዳወጡልኝ ግን እጠረጥራለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ባለፈው ክረምት በአስራ ሁለት ሥር አበባ ምክንያት የሆንኩትን ስትሰሙ “ምን ነካው?” እንዳትሉ ነው። እኔን የነካኝ ነገር የለም። የነካሁት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ሲገባ፣ ከከተማው ዳር ያለው ችግኝ ጣቢያ የተረፈውን ችግኝ ዋጋ ቀንሶ እያወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። የመትከያው ጊዜ ሊያልፍ ነው፣ ያልተሸጠውም ሊጣል ነው አሉ። ሌላው ሰው ዋጋ ቀነሰ ሲባል “የት?” ብሎ ይጠይቃል። እኔ “ምን ሆኖ?” ብዬ ነው የምጠይቀው። ስለዚህ ሄድኩ። ልገዛ አልነበረም፤ ምን ሆኖ እንደሆነ ላጣራ ነበር።

ጣቢያውን የሚጠብቁት አያ ሙላት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ፣ ከጥፍራቸው ሥር አፈር የማይጠፋ ሰው ናቸው። ባህር ዛፉንና ጽዱን አልፌ ወደ ኋላ ስዘልቅ፣ ሣር ከተከደነ ዳስ ሥር አስራ ሁለት ጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ አየሁ። ከስምንቱ አንዳንድ ቢጫ ቅጠል አንገቱን ደፍቶ ወጥቷል። ከአራቱ የወጣ ነገር የለም። አፈር ብቻ ነው።

“እነዚህስ ምንድን ናቸው?” አልኳቸው።

“የጥላ አበባ ናቸው። ነጭ አበባቸው እንደ ጡሩምባ ነው የሚከፈት። አንዴ ከተከልካቸው በየዓመቱ ከሥራቸው ይመለሳሉ። ሠራተኞቹ ፀሐይ ላይ ረስተዋቸው ነው እንዲህ የከሱ።”

“ሞተዋል እኮ።”

“አልሞቱም። ተኝተው ነው።”

“በምን አወቁ?”

አያ ሙላት ቀና ብለው አዩኝ። “በምን አወቁ ይለኛል እንዴ! የተከልኳቸው እኔ አይደለሁም?”

ዋጋ ጠየቅኩ። በአንዱ ዋጋ ሦስቱን ውሰድ አሉኝ። ለምን ሦስት እንደሆነ ጠየቅኩ። በርካሽ ስሰጥህ ትቆጣለህ እንዴ አሉኝ። አልተቆጣሁም፣ ምክንያቱን ነው የጠየቅኩ አልኩ። “በል እንግዲያው በአንዱ ዋጋ አራቱን ውሰድ፤ ብቻ ከፊቴ ዞር በል” አሉ። አስቡት፤ ስጠይቅ ዋጋው ይወርዳል፣ ዋጋው ሲወርድ ጥርጣሬዬ ይብሳል። አንዱን ፕላስቲክ አንስቼ ገለበጥኩ። ታቹን አየሁ። አሸተትኩት። ምንም እንከን ስላላገኘሁ የበለጠ ደነገጥኩ።

“እንደማይሞቱ በጽሑፍ ይስጡኛል?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እኔ ራሴ እንደማልሞት የጻፈልኝ የለም።”

ይህን ያሉኝ በቁጣ አልነበረም። ከዚያ የእጃቸውን አፈር እያራገፉ ሦስት ምክር ሰጡኝ። “ጥላ ስጣቸው። ውሃ አታብዛባቸው። ከተከልካቸው በኋላ አትነካካቸው።”

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገቡኝ። ሦስተኛውን ግን እቤት እስክደርስ ሳላምጠው ነበር። አትነካካቸው ማለት ምን ማለት ነው? ዕቃ ሽጦ “አትክፈተው” የሚል ሰው ምን እንዳላይ ነው የፈለገ?

አስራ ሁለቱን ገዝቼ ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ ጎረምሳ ነው፤ ፕላስቲኮቹን አይቶ በትሕትና “ጋሼ፣ ማገዶውን ከኋላ ላድርገው?” አለኝ።

እዚህ ላይ ለምን የጥላ አበባ እንዳስፈለገኝ መናገር አለብኝ። ጓሯችን ፀሐይ አያይም። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ፎቅ ያለው ቤት ሠሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ገብስና ባቄላ እየነገዱ ብቻቸውን ሦስት ልጅ ያሳደጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ቤቱ ሲያልቅ ጥላው እኛ ጓሮ ላይ ተኛ። ባለቤቴ ዘውድነሽ በርበሬ የምታሰጣበት ቦታ ጠፋ። አንድ ቀን በጓሮ በር ቆማ “ከዚህ ሆኜ ሳይ ጉድጓድ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል” አለች። እንዲህ ስትል በነገር ልትወጋኝ አልነበረም። ዝም ብላ ነው ያለችው። ቃሉ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ጥላው ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። እኔ ግን ቤቱ ሲሠራ ግማሽ ሜትር መሬታችን ተበልቷል ብዬ ተነሣሁ። በገመድ ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ለኩና ምንም አልተነካም አሉ። ሜትራቸውን ጠረጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ከእትዬ ጋር ሰላምታ አቆምኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ የልጃችን የክርስትና እናት ናቸው። ዘውድነሽ ከስማዳ ሙሽራ ሆና ስትመጣ እዚህ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። የዚህን አገር ብርድ እንዴት እንደሚቻል፣ ከእኔ ጋርም እንዴት እንደሚኖር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን “ከዛሬ ጀምሮ እግርሽ እዚያ ቤት እንዳይረግጥ” አልኳት። “እሺ” አለች። በትዳራችን እንደዚያ በቀላሉ እሺ ብላኝ አታውቅም። እስክሪብቶ የሚጠረጥር ሰው ያንን እሺ አልጠረጠረም።

አበቦቹን ይዤ ስገባ ዘውድነሽ ዙሪያውን ዞራ አየቻቸው።

“ገዝተሃቸው ነው ወይስ ተጥለው አግኝተሃቸው?”

“ገዝቼ ነው።”

“ይበላሉ?”

“አይበሉም።”

“ይጠመቃሉ?”

“ይታያሉ” አልኳት። “ጓሮው እንዲያምርልሽ ብዬ ነው።”

ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን ወደ ጓዳ መለሰች። ፈገግ ብላ ይሁን አዝና እንጃ።

በማግሥቱ በአጥሩ ሥር በሁለት ረድፍ ተከልኳቸው። እንደ ሙያዬ ለእያንዳንዳቸው ከቆርቆሮ መለያ ቆርጬ ከአንድ እስከ አስራ ሁለት ቁጥር ሰጠኋቸው። ከዚያ ቆሜ አየኋቸው። ጥሩ ሆነው ተተክለዋል። እስከ ምሳ ድረስ ቻልኩ። ከምሳ በኋላ ቁጥር አንድን በጣቴ ጫር አድርጌ ሥር መያዙን አየሁ። አልያዘም። ለካስ እነዚህ ነገሮች በአራት ሰዓት ውስጥ ሥር አይሰዱም።

ከዚያ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አስራ ሁለቱንም ቆጠራ አደርግ ጀመር። ጣቴን አስገብቼ ሥሩን ዳብሼ፣ ደህና መሆኑን አይቼ አፈሩን እመልሳለሁ። ማታም ስመለስ እንዲሁ። አያ ሙላት የሸጡልኝ አበባ ሳይሆን የተሰካ ጭራሮ እንዳይሆን ማረጋገጥ ነበረብኝ። በሳምንቱ ቢጫ ቅጠሎቹ ጠቆሩ። በአስረኛው ቀን ወደቁ። እንደገመትኩት ነው አልኩ። አንድ ሰው እየገደላቸው ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዶሮዎቹን ነው። አጠርኩባቸው፤ ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ ዘውድነሽ የሳሙና ውሃ ትደፋባቸዋለች ብዬ ተንበርክኬ አፈሩን አሸተትኩ። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ዘውድነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አፍንጫዬን መሬት ላይ ደፍቼ አገኘችኝ። “ስግደት ጀመርክ?” አለችኝ በደስታ። አይደለም ለማለት አፈርኩ። ሁለት ጊዜ ጨምሬ ሰገድኩ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ቁጥር አራት ጠፋች።

ደርቃ ወይም በስብሳ ቢሆን አፅሟ ይገኝ ነበር። ቁጥር አራት ግን ከነመለያዋ ጠፍታለች። በነጋታው ቁጥር ዘጠኝ ጠፋች፤ ከዚያ ሰባት። በጣም የገረመኝ ደግሞ ጉድጓዶቹ ተደፍነው፣ አፈሩ በእጅ መታ መታ ተደርጎ መገኘቱ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ንብረት ስጠብቅ የሰረቀበትን ቦታ አስተካክሎ የሚሄድ ሌባ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ሥርዓት የተማረ ሌባ ነው።

ለዘውድነሽ ነገርኳት።

“እ?” አለች፤ ምስር እየለቀመች ነበር። “ምናልባት ራሳቸው ሄደው ይሆናል።”

“አበባ ይሄዳል?”

“አንተ እንደምትጎረጉራቸው ብትጎረጉረኝ እኔም እሄድ ነበር።”

ቀልድ መሰለኝ።

ነገሩን በመሥሪያ ቤት ሳወራ አንዱ ባልደረባዬ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ በጥቁር ፕላስቲክ ችግኝ የምትሸጥ ሴት አይቻለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። አያ ሙላት በርካሽ ይሸጣሉ፤ ሰው ልከው መልሰው ያስነሣሉ፤ ታች ጋይንት ወስደው ያስሸጣሉ! አትነካካቸው ያሉኝ ለዚሁ ነዋ፤ ሥራቸው ሳይጎዳ መልሰው ሊሸጧቸው ነው። አርብ ዕለት ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ወረድኩ።

ሴትዮዋን ከሽንኩርት ተራ አጠገብ አገኘኋት። ጠንካራ፣ ጭቃ እስከ ባቷ የለበሰች ባላገር ናት። ከፊቷ ስድስት ጥቁር ፕላስቲክ ደርድራለች። እንደ ገዢ ጎንበስ አልኩና አንዱን አንስቼ ጣቴን ወደ ሥሩ ሰደድኩ።

“ምን ትፈልጋለህ?” አለችኝ።

“ዝም ብዬ እያየሁ ነው።”

“በጣት ነው የምታይ?”

ሁለተኛውን አነሣሁ። ሦስተኛውንም። መለያዬን አላገኘሁም። “እነዚህን ከየት ነው ያመጣሽው?” አልኩ፤ ድምፄን እንደ ኦዲተር አድርጌ።

“ከጓሮዬ።”

“ማስረጃ አለሽ?”

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነሣች። ስትቆም ከእኔ ትበልጣለች። “እናንት ሰዎች!” አለች ለገበያው በሙሉ፤ “ይህ ሰውዬ ጌሾዬን ማስረጃ አምጪ ይለኛል!”

ጌሾ። ቅጠሉን ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ሥር ሥሩን እያሰብኩ ቅጠሉን ጨርሶ አላየሁትም። ሰው ከበበን። አንዱ ጌሾው ምን ወንጀል ሠርቶ ነው አለ። ሌላው ሰውዬው ጠላ የከለከሉት ሰካራም ነው አለ። ሴትዮዋ በጣቴ የነካሁትን በሙሉ ካልገዛሁ እንደማትለቀኝ ነገረችኝ። እኔ የነካሁት ሦስቱን ነው አልኩ። “የቀሩትን በዓይንህ ነክተሃቸዋል” አለች። ፈረዱላት። ስድስት ጌሾ ታቅፌ ንፋስ መውጫ ገባሁ።

ዘውድነሽ ስታያቸው ተፍነከነከች። “ጌሾ! በስተመጨረሻ ቁም ነገር ገዛህ!” ብላ ነጥቃኝ ሄደች። ከፊት ለፊት በኩል ተከለችና በዙሪያው እሾህ አጠረችበት። “ይህ አጥር ለዶሮ አይደለም” አለችኝ።

ደስታዋን ጠረጠርኩ። በዚያው ቀን ቁጥር ሁለትና ቁጥር ስድስት ጠፍተው ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ሁለት ተጨመሩ።

ስለዚህ ሌባውን ራሴ ልይዝ ወሰንኩ። ከዓመት ፈቃዴ ሦስት ቀን ወሰድኩ። ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ፣ “ሄድኩ” ብዬ ወጥቼ፣ በታች በኩል ዞሬ ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ገባሁና በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። በአንድ ዓይን አበቦቹን አያለሁ፤ በአንድ እጅ አፍንጫዬን ይዤአለሁ። ሰው ለዓመት ፈቃድ ላሊበላ ይሄዳል፤ ጣና ዳር ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይሆን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ የሽንት ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር፤ ዘውድነሽም ነጠላዋን ደርባ ብቅ አለችና አጥሩ ጋ ሄዳ ጎንበስ አለች። አጥሩ ከዚያ ላይ አንድ ጣውላ ጎድሎታል።

“እትዬ!” ብላ ተጣራች።

ከወዲያ በኩል የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ መጣ። ሁለት ዓመት እግርሽ እንዳይረግጥ ያልኳት ሴት፣ እውነት ነው፣ እግሯ አልረገጠም። አፏ ግን ደርሷል። ዝናቡ እየከለከለኝ ቁርጥራጩን ብቻ ነው የሰማሁት።

“…በጣም ደክሟል…” አለች ዘውድነሽ።

“…እንግዲያው አምጪው… ቆርጠን…” አሉ እትዬ።

“…እሱ እንዳያውቅ…”

“…ሰባቱን ይዘናል፣ የቀሩትንም ቀስ እያልን…”

አፍንጫዬን ለቀቅኩ። አበባውን ጨርሼ ረሳሁት። የደከመው እኔ ነኝ። የሚቆረጠው መሬቴ ነው። ሰባት ሜትር ይዘዋል፤ የቀረውንም ቀስ እያሉ ሊወስዱ ነው። አምጪው የተባለችውም የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው መሆን አለበት! ዘውድነሽ ከአበቦቹ አጠገብ እንደገና ጎንበስ ስትል ለማየት እንኳ አልቆየሁም። በፊት በር ዞሬ ገባሁና ካርታውን የማስቀምጥበትን ሣጥን ከፈትኩ።

ካርታው የለም።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ አልተቆጣሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት፣ ስታመም ያልተኛች ሴት። እስክሪብቶን መጠርጠር አይከብድም፤ ካልጻፈ ሌላ ይመጣል። ከዚያ ተነሥቼ የሠፈራችን ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ መሪጌታ ፈንታ ቤት ሄድኩ።

መሪጌታ ሁሉንም ሰሙኝ። ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አስተውለው ይሁን አንቀላፍተው አይታወቅም።

“ሚስትህን ልትከስ ነው ወይስ አበባህን ልትፈልግ?” አሉኝ በመጨረሻ።

“ሁለቱንም።”

“አንዱን ምረጥ። ጉልበቴን ያመኛል።”

“አበባው ከተገኘ ሌላው ይከተላል” አልኩ።

ዣንጥላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። በዋናው መንገድ ዞረን የእትዬ ጥሩወርቅን በር አንኳኳን። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ቆምን። አርጅተዋል። እጃቸው ጭቃ ነው።

“ግቡ፣ ግቡ” አሉ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል።

“ሳልገባ ነው የምናገረው” አልኩ። “ንብረት ጠፍቶኛል። ከቤትዎ ጀርባ ማየት እፈልጋለሁ።”

እትዬ መሪጌታን አዩ። መሪጌታ ሰማዩን አዩ። “እይ እንግዲህ” አሉና እትዬ መንገድ ለቀቁልኝ።

በቤቱ ጎን አልፌ ወደ ጀርባ ዞርኩ። ከፎቁ ግድግዳና ከእኛ አጥር መካከል አንድ እርምጃ ተኩል ያህል ስፋት ያለው ሰርጥ አለ። በዚያ ውስጥ ሰባት አበባ በአንድ ረድፍ ቆሟል። ቅጠላቸው ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ዝናቡ ላዩ ላይ እንደ ቅባት የሚንከባለል። አንዱ ነጭ ጡሩምባውን ከፍቷል። ሁሉም መለያዬን እንዳንጠለጠሉ ናቸው።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ እንደ ዳዊት ነው የሚያነቡት። “አራት። ዘጠኝ። ሰባት። የእጅ ጽሑፍህ ነው?”

“ነው።”

በዚህ መሐል አጥሩ ተንኳኳ። ጣውላ ከጎደለበት ቀዳዳ መጀመሪያ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ገባ፤ ከዚያ የዘውድነሽ እጅ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ። “እትዬ፣ ይቺ አስራ አንደኛዋም ካልቆረጥናት…” ብላ ቀና ስትል ሦስታችንን አየች።

ቁጥር አስራ አንድ ነጠላ ለብሳ በመካከላችን ተንጠልጥላ ቀረች።

“የበሰበሰ ሥሯን መቁረጥ አለብን” አሉ እትዬ፤ ተቀበሏትና። “አንተ ልጅ ጣትህ ቢላዋ ነው። እዚያ ማዶ በየቀኑ ስትቆፍራቸው ከፎቅ ሆኜ አይ ነበር። ሲሞቱ ማየት አልቻልኩም፤ ለሚስትህ አምጪያቸው አልኳት። ምንም አላደረግንላቸውም። ተከልናቸው፤ ተውናቸው።”

“ካርታዬስ?” አልኩ፤ ድምፄ ግን ከቅድሙ ቀጥኖ ነበር።

“የምን ካርታ?” አለች ዘውድነሽ በቀዳዳው።

የምን ካርታ ስትል ትዝ አለኝ። ሰኔ ላይ ቤታችን ሰው ይገባል ብዬ ጠርጥሬ፣ ካርታውን መሥሪያ ቤት ወስጄ በእስክሪብቶ ካርቶን ውስጥ የሸሸግኩት ራሴ ነኝ።

“ምን አስታወስክ?” አሉ መሪጌታ።

“ምንም።”

“ፊትህ ግን ተናግሯል።” ከዚያ ሰርጡን በዣንጥላቸው ከዳር እስከ ዳር ለኩ። “ይህ ክፍት ቦታ የማን ነው?”

“የእኔ ነው” አሉ እትዬ። “ስሠራ ከራሴ የተውኩት ነው። የጣራው ውሃ እነሱ ጓሮ እንዳይወርድባቸው ብዬ።”

ሁለት ዓመት ተበላሁ ያልኩት ግማሽ ሜትር ነበር። እሳቸው ለእኔ ብለው የተዉት ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። በአጥሩ ማዶ፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር፤ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። አበቦቼን ፍለጋ ግን አርብ ገበያ ድረስ ወርጃለሁ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

“ተው፣ ተው!” ብለው ጮኹ። “አበባውን ትረግጣለህ!”

መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እዚያው ጭቃ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እትዬም “ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉኝ፤ በዚህ አለቀ። እኔ ቢያንስ አንድ ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ሁለት ቀጠሮ ጠብቄ ነበር።

ቤት ስንገባ ዘውድነሽን ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

“ብነግርህ ታምነኝ ነበር?”

ጭቃ የለበሰ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

“እትዬን ሁለት ዓመት ጎንበስ ብዬ በቀዳዳ ነው ያነጋገርኳቸው” አለች። ወገቧን ያዝ አድርጋ ነው ያለችው። አልተቆጣችም፤ አልለቀሰችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እኔም ከፈቃዴ የቀረችኝን ሦስተኛዋን ቀን ሽንት ቤት ውስጥ አላሳለፍኳትም። ማለዳ ሚስማር መንቀያና መዶሻ ይዤ አጥሩ ጋ ሄድኩና ከጎደለው ጣውላ ቀጥሎ ያለውን መንቀል ጀመርኩ። ሁለተኛውን ስነቅል የፎቁ መስኮት ተከፈተ።

“አንተ!” አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። “ያንን እንጨት ወዴት እየወሰድከው ነው?”

“የትም አልወስደውም። በር ልከፍት ነው።”

“የምን በር?”

“ዘውድነሽ ቀጥ ብላ የምትገባበት።”

ከመስኮቱ ጎንበስ አሉ። “ሌላስ ምን ልታስገባበት ነው?” አሉኝ።

“ምንም።”

“ምንም?” አሉና መስኮቱን ዘጉት። ወዲያው በርጩማቸውን ይዘው ወረዱና ከአበቦቹ አጠገብ፣ እጄ እንዳይደርስባቸው ከልለው ተቀመጡ። እያንዳንዷን ሚስማር ስመታ አዩ። ማጠፊያውን ሳስር “ያ አይጠብቅም” አሉ። እኔም ጠብቋል አልኩ። ተነሥተው በእጃቸው ወዘወዙት። አልጠበቀም ነበር። እንደገና መታሁት። ስሠራ እንደዚያ በዓይን የጠበቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ አውራ ጣቴን መታሁ።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ተከፈተ። ገና “ይኸው” ሳልል እትዬ ቀድመውኝ አለፉና በጓሮ በር ቀጥታ እኛ ቤት ገቡ።

“ዘውድዬ፣ እንጀራ አለ?” ሲሉ ሰማኋቸው። “ይህን ሰው ሲሠራ ማየት ያስርባል።”